የማሆጋኒ ዘመን፦ የጥንት የቤት ዕቃ እንጨትና የታሪክ ምስክርነቱ

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተሠሩ ወንበሮች፣ ጠረጴዛዎችና ቁም ሣጥኖች ከምን ዓይነት እንጨት እንደተሠሩ ለይቶ ማወቅ የዕቃውን ዋጋ ለመገመት ብቻ ሳይሆን፣ እንጨቱን ከጫካ እስከ አናጺው ወርክሾፕ ያደረሱትን ሕግ፣ ንግድና ጉልበት ለመረዳትም ይጠቅማል።

እንጨት በአስተማማኝ መንገድ የሚለየው በቀለሙ ሳይሆን በውስጣዊ አሠራሩ ነው፤ ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፣ በቫርኒሽም ይለወጣል፤ ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ የሚመለከተው ያልተቀባውን የመሳቢያ ውስጥና የጠረጴዛ ሥር ነው። ጥድና ዝግባን የመሳሰሉ ዛፎች ውኃ የሚያስተላልፉ ሰፋፊ ቧንቧዎች የሏቸውም፤ ዋንዛና ወይራን የመሳሰሉት ግን ስላሏቸው ግንዳቸው አግድም ሲቆረጥ ቧንቧዎቹ እንደ ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያሉ። በአውሮፓው ኦክ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች በየዕድገት ቀለበቱ፣ ማለትም ዛፉ በየዓመቱ በሚጨምረው ድርብርብ መጀመሪያ ላይ፣ በረድፍ ይሰለፋሉ፤ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጉ ሰፋፊ ጨረሮች ስላሉትም በእነርሱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር መልክ ያወጣል። በማሆጋኒ ግን ቀዳዳዎቹ በቀለበቱ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ ነጭ ወይም ጥቁር ቀይ ዝቃጭ ይታያል።

ፐርሲ ማኮይድ ከ1904 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ የእንግሊዝን የቤት ዕቃ ታሪክ በኦክ፣ በዋልነት፣ በማሆጋኒና በሳቲንዉድ ዘመን ከፍሎታል። ክፍፍሉ ለማስታወስ ቢመችም፣ ኦክ በገጠር ቤቶች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራበት ስለቆየ፣ ዘመንን ከእንጨቱ ስም ብቻ መወሰን ያሳስታል። ከ1660 በኋላ የተስፋፋው ዋልነት አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ በሆነ እንጨት ላይ እንደ ስስ ልባስ የሚለጠፍ ነበር፤ በ1709 የብርድ ወራት አውሮፓን የመታው ብርቱ ቅዝቃዜም ብዙ የዋልነት ዛፎችን አደረቀ። በ1721 የብሪታንያ ፓርላማ ከአሜሪካና ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቹ በሚገባ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ፤ የሕጉ ዋና ዓላማ ለመርከብ ሥራ የሚሆን ቁሳቁስ ማግኘት ቢሆንም፣ በሰፊ ሳንቃ የሚገኘው፣ እምብዛም የማይጣመመውና ለቅርጽ ሥራ የሚመቸው ማሆጋኒ ወደ አናጺዎች እጅ በብዛት ገባ። የቤት ዕቃ ሠሪው ቶማስ ቺፔንዴል በ1754 ታዋቂውን የንድፍ መጽሐፉን ሲያሳትም ማሆጋኒ የባለጠጎች ቤት እንጨት ሆኖ ነበር።

በጃማይካ በቀላሉ የሚደረስባቸው የማሆጋኒ ዛፎች ሲመናመኑ ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ ኩባ፣ ወደ ሂስፓኒዮላና ወደ ሆንዱራስ ባሕረ ሰላጤ አዞሩ፤ ብሪታንያ በ1786 ከስፔን ጋር የተፈራረመችው የለንደን ስምምነትም ዛሬ ቤሊዝ በሚባለው ምድር ማሆጋኒ የመቁረጥ መብት ለሰፋሪዎቿ አስገኘ። ሥራው የወደቀው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያንና በልጆቻቸው ላይ ነበር። ማሆጋኒ በሌሎች ዛፎች መካከል ተበታትኖ የሚበቅል በመሆኑ፣ ልዩ ዕውቀት ያለው ፈላጊ በነሐሴ ገደማ ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ የቅጠሉን ወደ ቢጫና ቀይ ያደላ ቀለም ከሩቅ እየለየ ቆራጮቹን ይመራ ነበር። የማሆጋኒ ዕቃ እንጨት መጀመሪያ የሚለየው በሙዚየም ሳይሆን በዚህ ሰው ዓይን ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ባለሙያው ከዕቃው ሥውር ክፍል ኢምንት ስንጥር ወስዶ፣ በሦስት አቅጣጫ በስሱ ከትፎ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ይህም ወሰን አለው፤ የካሪቢያኑና የሆንዱራሱ ማሆጋኒ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ቢሆኑም፣ በሕዋሳቸው አደረጃጀት እጅግ ስለሚመሳሰሉ እንጨቱ የተጫነበትን ወደብ ለማወቅ የንግድ መዝገብ ያስፈልጋል። በዓይን የማይታየው የውስጥ እንጨትም ይመሰክራል፤ ለምሳሌ የመሳቢያው ጎን የአሜሪካው ቱሊፕ ፖፕላር ከሆነ፣ ፊቱ የእንግሊዝ ሞድ ቢከተልም ዕቃው በአሜሪካ መሠራቱ የሚገመት ይሆናል። እንግዲህ በሙዚየም መግለጫ ላይ «ማሆጋኒ» ብሎ መጻፍ የምርመራው ፍጻሜ ሊሆን አይገባም፤ የንድፍ አውጪው ስም በክብር በሚሰፍርበት መግለጫ ላይ፣ ዛፉን ፈልገው ያገኙት፣ የቆረጡትና ወደ ወንዝ የጎተቱት ሰዎች ድርሻም አብሮ ሊሰፍር ይገባል።