ዮሴፍ ነቀዙን ምን አደረገው?

አያቴ እማማ የዮሴፍን ታሪክ በጥርጣሬ ነበር የምትሰማው። ምንጃር፣ ከአሬርቲ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን የንስሐ አባታችን ለዝክር መጥተው፣ ግብጽ በሰባቱ የጥጋብ ዓመት አከማችታ ሰባቱን የረሃብ ዓመት እንዴት እንደተሻገረች ያጫውቱናል። እማማ አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ጠበቀችና «አባ፣ ይፍቱኝና፣ ነቀዙን ምን አደረገው?» አለቻቸው። ሳቁ። «እግዚአብሔር ከለከለዋ!» አሉ። እሷ ጠላ ልትቀዳ ስትነሳ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ጤፍ ቢሆን ነው እንጂ» አለችኝ።

ቀልዱ የገባኝ አድጌ ነው። የስንዴና የበቆሎ ነቀዝ እናቲቱ ፍሬውን በአፏ ቦርቡራ እንቁላሏን ታስቀምጥና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ ውስጥ ተቀምጦ እየበላ ያድጋል፤ ወር ያህል ቆይቶ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። የሽምብራዋ ደግሞ እንቁላሏን ላዩ ላይ ነው የምትለጥፈው፤ ሽምብራ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያየ ሰው ነገሩ እንዳለቀ ይወቅ። በሁለቱም መንገድ አንዷ ፍሬ ለአንድ ትል ቤትም ቀለብም መሆን አለባት። አንድ የስንዴ ፍሬ የሚመዝነውን ለመመዘን 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ማን ይኖራል? ጤፍ ዓመታትን የሚሻገረው ትል የማያሳድር ጠባብ ቤት ስለሆነ ነው።

እማማ ጓዳ ውስጥ አራት ጎታ ነበራት። ሁሉንም ራሷ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት እያድበለበለች የሠራቻቸው ናቸው። ከላይ አፍ፣ ከታች ደግሞ በጨርቅ የተወተፈ ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ አላቸው። ውታፉ ሲነቀል ቀድሞ የገባው እህል ቀድሞ ይወጣል። እኔ ዛሬ ቁምሳጥኔ ውስጥ አዲሱን ምስር በአሮጌው ላይ እየደፋሁ የታችኛውን ለነቀዝ ስቀልብ፣ ያቺ የታች ቀዳዳ ትታወሰኛለች። አዲስ ምርት ከመግባቱ በፊት ጎታው ተሟጦ ይጠረጋል፣ ስንጥቁ በእበት ይለቀለቃል፤ ምክንያቱም ነቀዝ ከዓመት ዓመት የሚሻገረው ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ነው። ከዚያ በጥንጁት ይታጠናል። እህሉም ፀሐይ ሳይመታው አይገባም።

ከአራቱ አንዱ ጎታ አይነካም። ጤፍ ነው፣ ስሙም «የክፉ ቀን» ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ በማሳ የተረፈውን አንበጣና ተምች፣ በቤት የተረፈውን አይጥ በላው። እማማ ያን ዘመን አላየችም፤ እናቷ ግን ከዚያ ከተረፉት ሰዎች እጅ ያደገች ናት። ጎታውን በየሦስት ዓመቱ ትገለብጠዋለች፤ አዲስ ጤፍ ካልገባ ግን አሮጌው አይወጣም።

ሽምብራውን የምታስቀምጥበት ዘዴ ከሁሉ ይገርመኛል፤ ከጤፍ ጋር ትደባልቀዋለች። ጤፉ በሽምብራው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዝ መሄጃ፣ መገናኛ፣ እንቁላል መጣያ ያጣል። ሲያስፈልግ በወንፊት መለየት ነው፤ ከጤፉም ከሽምብራውም የሚጎድል የለም። ገበሬው ለበቆሎና ለማሽላም ይጠቀምበታል። አመድም ትጨምር ነበር፤ ስለ አመዱ ግን ደግ ነገር አልናገርም፤ ሳይነፋ የቀረ እንደሆነ ሽሮው ጥርስ ላይ ይንቋቋል።

ሐረርጌ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ማሽላው አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና አፉ በአፈር ይደፈናል። እህሉም ነቀዙም አየሩን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ነቀዝ አይራባም። ጉድጓድ የተከፈተ እንደሆነም ሳይናፈስ ዘው ተብሎ አይገባም፤ ነቀዙን ያፈነ አየር ሰውንም ያፍናል። ዘማች የደረሰበትን ባላገር ሲበላ በኖረበት አገር የተቀበረ እህል ከሰውም ይተርፋል። ጉድለቱ ዳርና ታቹ በእርጥበት መሻገቱ ነው።

ከዚያ መርዝ መጣ። ወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች በየመንደሩ ዞሩ። የረጩት ለወባ ትንኝ ነበር፤ ባላገሩ ግን ትኋኑም ሲረግፍ አየ፤ ትኋን ከገደለ ነቀዝ ለምን አይገድልም? ዱቄቱ ተለምኖም ተገዝቶም ጎታ ውስጥ ገባ። እኛም ቤት ገብቷል። እማማ አንድ ዓመት ባቄላው ላይ ነሰነሰችው፤ ነቀዙ ድራሹ ጠፋ፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። «ነቀዝ ያልደፈረውን እኔ ልብላው?» አለች። እሱን የበላነው ግን በልተናል።

ቀጥሎ ማዳበሪያ መጣ፤ ከረጢቱን ማለቴ ነው። የመሬት ማዳበሪያ ታሽጎበት የመጣው የፕላስቲክ ጆንያ የይዘቱን ስም ወርሶ ቀረ። ቀላል ነው፣ ይቆለላል፣ አህያም ላይ ይጫናል። ጎታ መሥራት የሚያውቁ እጆችም ሥራ ፈቱ። ነገር ግን ሽመናው አየር ያስገባል። ነቀዝ እንደ ማዳበሪያ የተመቸው ቤት ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ የነቀዝ ክኒን በየገበያው ተቸረቸረ። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል፤ የተዘጋ መጋዘን ውስጥ በሚያውቅ እጅ ሥራውን ይሠራል። ሰው የሚተኛበት ጎጆ ውስጥ ሲጨመር የሚያደርሰውን፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው እጅ ሲገባም የሚሆነውን፣ የአገራችን ሐኪሞች አሳምረው ያውቁታል።

አሁን ደግሞ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ የጀመሩት ሥራ ውጤት ነው። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው ያው ማዳበሪያ፤ አፉ ተጠምዝዞ ይታሰራል። አየሩ ሲያልቅ ነቀዙ መብላት ያቆማል። ተመራማሪዎቹ እንደደረሱበት የሚሞተው በውሃ ጥም ነው፤ ከሚበላው ደረቅ እህል ውሃ ለማውጣት አየር ያስፈልገዋልና። የሐረርጌው ጉድጓድ ሻጋታው ታጥቦለት፣ በፕላስቲክ ተሰፍቶ የተመለሰ ይመስለኛል።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሽምብራ የምገዛው በሁለት ሁለት ኪሎ ነው። ባለፈው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ልጄ ቁምሳጥኑን ከፍታ «እማዬ፣ ይሄን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አለችኝ፤ ሽምብራና ጤፍ የተደባለቀበትን ባልዲ ይዛ። ወንፊት አመጣሁ። ሽምብራው ላይ ቀረ፣ ጤፉ ወረደ። ከጤፉ ጋር ሦስት ነቀዝ ወረዱ፤ ልጄ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። ሦስቱም ደርቀዋል።