የሩቁ ሹክሹክታ

ልጅ ሳለሁ፣ ዲላ ላይ፣ የአባቴ ሬዲዮና የጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተስማምተው አያውቁም ነበር። አመሻሽ ላይ ባሕር ማዶ ያለው ዜና አንባቢ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ወፍጮው ይነሣና በአጭር ሞገድ የመጣውን ድምፅ በጩኸት ይውጠዋል። «ሩቅ ያለ ሲናገር ቅርብ ያለ ዝም አይልም?» ይል ነበር አባቴ።

ይህንኑ ምሬት ዛሬ ከአብራሪዎች እሰማለሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፤ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ ተቀባዩ መሣሪያ በራሱ ከሚፈጥረው ጉርምርምታ እንኳ ያንሳል። በኪስ የሚያዝ ማፈኛ በዚያው ሞገድ ላይ ቢበራ በአቅራቢያው ያለው ተቀባይ ይደነቁራል።

ሥርዓቱ ለሲቪል አውሮፕላኖች የተፈቀደበት ታሪክ ራሱ መራር ነው። ነሐሴ 26 ቀን 1975 ዓ.ም. መንገዱን የሳተ የኮሪያ አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ከቀናት በኋላ የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት፣ ያኔ ገና በመሠራት ላይ የነበረው ወታደራዊ ጂፒኤስ ለሲቪሎችም እንደሚከፈት አስታወቀ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዘርባጃን አውሮፕላን ግሮዝኒ ሊያርፍ ሲቃረብ ያንኑ ምልክት አጣ፤ ቆይቶም በአየር መከላከያ ሚሳይል ፍንጣሪ ተጎድቶ አክታው አጠገብ ወደቀ። 38 ሰዎች ሞቱ።

እኛም ለሞገድ አፈና እንግዳ አይደለንም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ አቅሙ መኖሩ ከተረጋገጠላቸው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት እንዲታፈን መመሪያ እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የታፈነውን ዜና አድማጭ በማግስቱ ከሰው አፍ ይሰማዋል። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ከማን ይጠይቅ?

ሰው እጁን ባያስገባ እንኳ ሰማያችን በራሱ ይታወካል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተተከለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያም ይህንን ሰማይ ሲከታተል ኖሯል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ አባቴ ሬዲዮውን በሚከፍትበት በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው፣ አዮኖስፌር ሲናወጥ የሳተላይቱ ምልክት ይርገበገባል። አሮጌዎቹ የምድር ሬዲዮ አመልካቾች ጨርሰው ያልተነቀሉትም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

አባቴ በመጨረሻ መላ አገኘ። ረጅም ሽቦ ገዝቶ ከወፍጮው አርቆ፣ ከእንሰቱ ማዶ ባለው ዋንዛ ላይ ሰቀለው። የአውሮፕላን የጂፒኤስ አንቴና ጀርባው ላይ እንደሚተከልና ከታች የሚመጣውን ጩኸት የአውሮፕላኑ ገላ በከፊል እንደሚጋርድለት ሳነብ፣ ያ ሽቦ ታየኝ። ያን ዕለት ማታ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማን፤ ወፍጮው እየፈጨ።