«ፍቆ መጻፍ» እና «ቀድቶ መጻፍ»፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪካዊ መሠረት

በኮምፒዩተር ሙያ የአማርኛ ስያሜ ከሚሹት ጽንሰ ሐሳቦች አንዱ፣ የፋይል ገጽ ሲለወጥ ነባሩን ሳይነኩ ለውጡን በሌላ ሥፍራ የማስፈር ዘዴ ነው። ስያሜ ከመስጠታችን በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባናል፤ ስያሜው የተሳሳተ አሳብ ካስያዘ ተማሪው በተግባርም ይሳሳታልና።

የብራና ጸሐፊ ስሕተት ሲያገኝ ቀለሙን ፍቆ በዚያው ሥፍራ ያርማል። የተለመደው የፋይል አሠራርም ይህንኑ ይመስላል። በመካከል ኃይል ቢቋረጥ ግን አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ሳይሟላ ይቀራል፤ በዚያው ቅጽበት የሚያነብ ሌላ ተጠቃሚም ገጹን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ ጽሑፍ የተገለጸው ቴኔክስ፣ ለፒዲፒ-10 ኮምፒዩተር የተሠራ ሥርዓት፣ ሌላ መንገድ ተከተለ። ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ገጽ በጋራ ያነብባሉ፤ ሊጽፍበት ለሚነሣው ብቻ የግል ቅጂ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የአይቢኤም ተመራማሪ ሬይሞንድ ሎሪ አሳቡን ለመረጃ ቋት አዋለው፤ የተለወጠው ገጽ በአዲስ ሥፍራ ሲሰፍር ነባሩ «ጥላ» ሆኖ ይጠበቃል። ሲስተም አር በተባለው ሥራ ላይ ግን ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ሲለውጡ የአንዱን ለውጥ ከሌላው ለመለየት ጥላ ብቻውን አልበቃም፤ የለውጥ መዝገብም አስፈለገ። ሠሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ግምገማ ዘዴው ለትልልቅ ቋቶች እንደማይስማማ ገለጹ።

በፋይል ሥርዓት ረገድ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1994 በተገለጸው ዋፍል፣ ቀጥሎም በ2005 ለሕዝብ በተለቀቀው ዜድኤፍኤስ ተስፋፋ። በእነዚህ ገጾቹ እንደ ዛፍ ተያይዘዋል። ቅጠሉ ሲቀዳ ወላጁም ይቀዳል፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይደርሳል፤ በመጨረሻም አሮጌው ሥር በአዲሱ ይተካል። አሮጌውን ሥር የያዘ አንባቢ ሥራውን እስኪፈጽም ያንኑ ያልታወከ ዛፍ ያያል፤ አሮጌዎቹ ገጾችም ተጠቃሚ ሳለላቸው አይለቀቁም።

እዚህ ላይ «ቅጂ ካለ ጥበቃ አያስፈልግም» የሚል አሳብ እንዳይፈጠር እንጠንቀቅ። ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ ጥንተ ቅጂ እየቀዱ አንዱ የላይኛውን፣ ሌላው የታችኛውን ስሕተት ቢያርሙ፣ ሁለቱንም እርማት የያዘ መጽሐፍ አይገኝም። እንዲሁም ሁለት ፕሮግራሞች ከአንድ ነባር ገጽ ቢነሡ፣ ኋላ የሚተካው ሥር የመጀመሪያውን ሥራ ያጠፋል። ስለዚህ አንባቢ ባይጠብቅም ጸሐፊ ተራ መጠበቅ አለበት። ኦሃድ ሮዴ ዘዴውን ከዛፍ አሠራር ጋር ለማስማማት ባቀረበው ጥናት ቅጠሎችን ጎን ለጎን የሚያያይዙትን ሰንሰለቶች አስወገደ፣ ቁልፎችም ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል እንዲያዙ አደረገ።

«ቀዳ» ከግእዙ «ቀድሐ» ጋር የተዛመደ ሲሆን ውኃ መቅዳትንም፣ ጽሑፍ መገልበጥንም ያመለክታል። ውኃው ቢቀዳም ምንጩ በቦታው ይኖራል፤ በምንጩ ዳር ግን ተራ አለ። በዚህም ምክንያት ለመጀመሪያው አሠራር «ፍቆ መጻፍ»፣ ለሁለተኛው «ቀድቶ መጻፍ»፣ ከእርሱም ለማይለየው ጥበቃ «የጸሐፊ ተራ» እንዲባል አሳብ እናቀርባለን።