የካርቱም ነዋሪዎች ንግግር ስንት ጊዜ ተቋረጠ?

በሱዳን መዲና ካርቱም የነዋሪዎች የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተደጋጋሚ ተቋርጧል።

ግንቦት 26/2011 ዓ.ም. የፀጥታ ኃይሎች በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የተቀመጡ ተቃዋሚዎችን በኃይል ሲበትኑ፣ ወታደራዊው ምክር ቤት የሞባይል ኢንተርኔትን አዘጋ። ቤተሰቦች የጠፉባቸውን የሚያፈላልጉበት፣ የግድያው ምስክሮችም ያዩትን የሚያሳውቁበት ዋነኛው መንገድ ተቋረጠ።

የሕግ ባለሙያው አብደል አዚም ሐሰን ዜይን የተባለውን የቴሌኮም ኩባንያ ከሰው በሰኔ ወር ረቱ። ክሱን ያቀረቡት በግላቸው ስለነበር ግን አገልግሎቱ መጀመሪያ የተመለሰው ለእርሳቸው ብቻ ነበር። ለሌሎች ደንበኞች የተከፈተው በሐምሌ ወር፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው።

ከጥቅምት 15/2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንታት በላይ ተዘግቶ፣ ዳግም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተመለሰ።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህንንም መንገድ ዘጋ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ የስልክ ኔትወርኮች ሲጠፉ ተፋላሚ ወገኖች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ። ነዋሪዎች በስልካቸው ገንዘብ መቀበል አልቻሉም፤ በዚሁ መንገድ በሚላክ ገንዘብ ይተዳደሩ የነበሩ በርካታ የበጎ ፈቃደኞች ማዕድ ቤቶችም ምግብ ማብሰል አቆሙ።