ኦርቶፎቶ

ከአውሮፕላን በተነሣ ተራ ፎቶ ላይ ጉብታ ለካሜራው ስለሚቀርብ ከሜዳው ገዝፎ ይታያል። ይህ መዛባት ታርሞ እንደ ካርታ ሊለካበት ሲበቃ ኦርቶፎቶ ይባላል። የቡሬን ሜዳና የዓባይን ገደል በአንድ ልኬት ማንበብ የሚቻለው ያኔ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑም የአየር ፎቶ ተጠቅመዋል።

ዛሬ ቃሉ ከገበሬው ደጅ የደረሰው «ሁለተኛ ደረጃ» በሚባለው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ነው። ቅየሳ ሲነሣ አብራሪውና ፎቶ አንሺው ይታወሳሉ፤ ለምስሉ ትርጉም የሚሰጠው ግን ባለይዞታው ነው ብዬ አምናለሁ። የታተመው ምስል ማሳው ዳር ይዘረጋል፤ ባለይዞታው ከአዋሳኞቹ ጋር ቆሞ ባሕር ዛፉን፣ ቦዩን፣ የወሰን ድንጋዩን በጣቱ ያሳያል። ሲስማሙ ድንበሩ በእስክሪብቶ ይሰመርና ማሳው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል።