ዘርና ዐፈር፤ የዝሆኔ በሽታ ምርምር ታሪክ

መሬቱ ቀይ፥ ዝናሙ ብዙ፥ አዝመራውም ያማረ በሆነበት በአገራችን ደጋ ብዙ ገበሬ በገዛ እርሻው ዐፈር ታሞ ይኖራል። ሕመሙ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ላይ እየወጣ ብዙውን ጊዜ ከጕልበት በታች ይቆማል። እግሩ ያብጣል፥ ቆዳው ይወፍራል፥ ይሻክራልም፤ በየጊዜውም ትኵሳትና ሥቃይ እየተቀሰቀሰ በሽተኛውን ከአልጋ ያውለዋል። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ደግሞ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት አሰናድተው ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰይመውታል።

ስለዚህ በሽታ በሕዝቡ ዘንድ የኖረ አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም «የዘር ነው» የሚለው ነው። ፍርዱ አጭር ነው፥ ቅጣቱ ግን ረዥም ነው። አባቷ እግሩ ያበጠ እንደ ሆነ ልጅቱ የራሷ እግር ጤናማ ሳለ ባል ታጣለች፤ በሽተኛውም ሰው እንዳይጸየፈው እየሠጋ ከማኅበር፣ ከለቅሶና ከገበያ ይርቃል። በእኛ ዘመን ደግሞ ሊቃውንት የበሽተኞችን የዘር ንጥር መርምረው «በእርግጥም ዘር በበሽታው ውስጥ ድርሻ አለው» ብለዋል። እንግዲህ ሕዝቡ እውነተኛ ፈራጅ ነበርን? ሳይንስስ የቀድሞውን ፍርድ አጸናውን? መልሱ ከምርምሩ ታሪክ ይገኛል። ጥናቶቹ የታተሙት በውጭ ቋንቋ ስለ ሆነ ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመልክተዋል።

ይህ ታሪክ ከአዊ ምድር የራቀ አይደለም። ቀድሞ አገው ምድር አውራጃ እየተባለ ዳንግላ ዋና ከተማው የነበረው፥ ዛሬ በእንጅባራ የሚተዳደረው የአዊ ደጋ፥ መሬቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች እሳቱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ጕድጓድ የተኙ ውሃዎች መሆናቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሊቃውንት በሽታው የሚገኝበትን ቦታ በሦስት ምልክቶች ይለዩታል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር የበለጠ ከፍታ፥ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናም፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ቀይ ሸክላ ዐፈር ናቸው። የአዊ ደጋ ሦስቱንም ያሟላል። የአዊ ጎረቤት በሆነችው በሰከላ፥ ግሽ ዓባይ ድረስ በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም ስለ ጕዞው በጻፈው መጽሐፍ ከጕልበት በታች እግርን ስለሚያሳብጥ በሽታ ጠቅሷል። በሽታው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም ማለት ነው።

ሐኪሞች በረቀቀ መንገድ መመርመር የጀመሩት ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ኦሜን የተባለው ሐኪም በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ዝሆኔ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። በዚያ ዘመን የበሽተኛውን ብዛት ለመገመት የተመረጠው ስፍራ ገበያ ነበር፤ ገበሬው ሁሉ የሚሰበሰበው በዚያ ነውና ሐኪሙ በገበያ ቀን ቆሞ የመንገደኛውን እግር ይቈጥር ነበር። ከእርሱም ጋር በአንድ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ተነሣ። በሌላ አገር ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የክር ትል ነው። በደጋችን ግን ትሉ አይገኝም። ፕራይስ የበሽታውን ስፍራ ከዐፈሩና ከአየሩ ጋር አስተያይቶ በ1974 አሳተመ፤ ከበሽተኞች ብሽሽት በተወሰደ እጢ ውስጥም ረቂቅ የዐፈር ቅንጣት እንደሚገኝ አሳየ። በባዶ እግር በኩል የገባው ትቢያ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቱቦዎች እያቈሰለ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያጋባውም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። አንድ መንደር ሁሉ በአንድ ዐፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ የሚታመመው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የሚታመሙትም ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ፕራይስ ይህን አስተውሎ በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የዘር ምክንያት ሊኖር ይችላል ሲል ጻፈ። በዘመኑ የዘርን ንጥር ለማንበብ የሚያስችል መሣሪያ ስላልነበረ አሳቡ በግምት ደረጃ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተረሳ። እንደገና የተቀሰቀሰው በወላይታ ነው። በ1990ዎቹ ማለቂያ በሶዶ በሽተኞችን በሳሙናና በውሃ እያጠበ ጫማ የሚያለብስ የበጎ አድራጎት ሥራ ተቋቋመ። በ2000ዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ምርምሩን ቀጠሉ። በ2006 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባለበት በአንድ ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያጠፋል፤ በሽተኛውም ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህል ያጣል። በ2007 ደግሞ የቤተ ሰቦችን የትውልድ ሐረግ መርምረው፥ የታመመ ሰው ወንድም ወይም እኅት በሽታው የሚይዘው ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደ ሆነና፥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የመታመምና ያለመታመም ልዩነት 63 በመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ አስታወቁ። የፕራይስ ግምት በቍጥር ተደገፈ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሰዎቹን የዘር ንጥር መመርመር ነበር። ለዚህም በሽተኞችን፥ ወላጆቻቸውንና ጤነኛ ጎረቤቶቻቸውን በፈቃዳቸው መመዝገብ ግድ ሆነ። ዋናው ችግር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ለመሣሪያው ገንዘብ ይገኛል፥ ሊቅም ይሠለጥናል፤ ነገር ግን «የዘር ነው» በተባለ ቍጥር ልጆቹ ባልና ሚስት የሚያጡበትን ሰው «ና፥ የቤተ ሰብህን ዘር እንመርምር» ማለት እንዴት ይቻላል? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ይህንኑ ጥያቄ ራሱን አጠኑ፤ ውጤቱንም በ2009 አሳተሙ። በጥናቱ እንደ ተገለጠው እፍረቱ ወደ ፈቃድ አሰጣጡ ድረስ ይገባል፤ አንዳንዱ ሰው በምርምሩ ቢገባ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአደባባይ በበሽተኛ ዘርነት እንዳይታወቅ ይሠጋል። ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው በወረቀቱ ላይ ስለ ተጻፈው ቃል ብቻ ሳይሆን፥ ቀድሞ እግሩን አጥቦ የረዳውን ሰው ስለሚያምን ነው። ስለዚህ አጥኚዎቹ አነጋገራቸውን ከአገሩ ልማድ ጋር አስማሙ፤ በሽታው ከዘር ብቻ እንደማይመጣና ጫማ እንደሚከላከለው አብሮ እንዲነገር አደረጉ። ይህ ትሕትና ለምርምሩ መሠረት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የ194 በሽተኞችና የ203 ጤነኞች የዘር ንጥር ተመረመረ። ጤነኞቹ የተመረጡት በዚያው አካባቢ ከሚኖሩት ነበር፤ አንድ ዐፈር የረገጡ ሰዎች ካልተነጻጸሩ ልዩነቱ የዘር ይሁን የመሬት አይታወቅምና። ውጤቱ እንዲጸና ደግሞ በ202 ቤተ ሰቦች ተፈተነ፤ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ በሽተኛና ሁለቱ ወላጆቹ ተመዘገቡ። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ከሁለት ቅጂ አንዱን ብቻ ይወርሳል፤ አንዱ ቅጂ ለታመሙት ልጆች በዕድል ከሚጠበቀው አብልጦ የተላለፈ ከሆነ ከበሽታው ጋር ግንኙነት አለው ማለት ነው። በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት እንደ ታተመው ልዩነቱ የተገኘው ኤች.ኤል.ኤ. በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው። እነዚህ ጂኖች ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ለይቶ እንዲያውቀውና እንዲዋጋው የሚያዝዙ ናቸው። በ2021 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ከወላይታ ሌላ ከአማራና ከኦሮሞ የተመዘገቡትን ጨምሮ 1892 ሰዎችን የያዘ ሲሆን ያንኑ ስፍራ አጸና፤ ሌላ አዲስ ስፍራ አልተገኘም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በሚያከብርበት በአዊ አገር ይህን ምሳሌ ማስረዳት አያሻም። አንዳንድ በሽታ በእውነት እንደዚህ ነው። ሐንቲንግተን የተባለው የአንጎል በሽታ ያለበት ሰው ልጅ የተበላሸውን ጂን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ በሙሉ ኀይሉ የወረሰው ደግሞ ዕድሜ ከሰጠው ከበሽታው አያመልጥም። የዝሆኔ ነገር ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ጥናት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው የዘር ልዩነት የመታመምን ዕድል ከፍ የሚያደርገው በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ ለዐፈሩ ቶሎ የመቈጣት ጠባይ ነው። ዐፈሩ ካልነካው ያ ጠባይ ምንም ሳያደርግ ከመቃብር ይወርዳል። ሰሜን አፍሪካ የበሽታው አገር ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ መልበስ ሲለምድ በሽታው ጠፋ፤ የሕዝቡ ዘር ግን አልተለወጠም። እዚህ ላይ ልጓሙ ከዘር በልጧል፤ ልጓሙም ጫማ ነው።

ስለዚህ ሕዝቡ ያስተዋለው እውነት ነበር፥ የፈረደው ግን ሐሰት ነው። በሽታው በቤተ ሰብ እንደሚበዛ ማየቱ የጥሩ አስተዋይ ሥራ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ልጅቱን ያለ ባል ማስቀረቱ ግን በማስረጃ ያልተደገፈ ግፍ ነው። ጫማ ለመልበስም ማንም ሰው ዘሩን ማስመርመር አያስፈልገውም።

ሐንቲንግተንን ያነሣሁት ሌላም ትምህርት ስላለበት ነው። በቬኔዙዌላ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ይህ በሽታ የበዛባቸው ድኻ መንደሮች አሉ። ከ1979 ጀምሮ ሊቃውንት እየተመላለሱ ከነዋሪዎቹ በሺሕ የሚቈጠር የደም ናሙና ወሰዱ፤ በ1993ም ጂኑ ተገኘ። ዓለም ከዚህ ብዙ ዕውቀት አተረፈ፤ የመንደሩ ሰው ግን በድህነቱ ቀጠለ። ደሙን የሰጠ ሕዝብ ከዕውቀቱ ፍሬ ካልደረሰው ምርምሩ ዕዳ ትቶ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

በእኛ አገር ዕዳውን ለመክፈል የተጀመረ ሥራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በሽታውን ከተዘነጉ የሐሩር በሽታዎች ጋር መዘገበው፤ በ2013 ኢትዮጵያም በብሔራዊ ዕቅዷ ውስጥ አገባችው። በመላ አገሪቱ በ1315 ቀበሌዎች 129959 ሰዎች ተመርምረው በ2015 እንደ ታተመው ከመቶ 4ቱ በሽታው ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ በአማራ ክልል 3.9 በመቶ ነበረ። በምሥራቅ ጎጃምም 696 በሽተኞች በፈቃዳቸው የገቡበት የሕክምና ሙከራ ተካሂዶ በ2018 ውጤቱ ታተመ። እግርን በየቀኑ ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበረ ሕክምናው። ሕክምናው የዘገየላቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፥ ወዲያው የጀመሩት ላይ ያገረሸው 19.4 ጊዜ ነው። ልዩነቱ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ገበሬ ግን በእርሻ ወራት አንድ ቀን መተኛት ምን እንደሚያጐድል ያውቃል።

የቀረው ሥራ በአብዛኛው የእኛ የመንግሥት ሠራተኞችና የመምህራን ነው። አጥኚዎች ወደ ዳንግላ፥ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ሌላ የአዊ ወረዳ ሰዎችን ለመመዝገብ በሚመጡበት ጊዜ፥ ሽማግሌው የሚፈርምበት ቃል በሚያስብበት ቋንቋ፥ በአውኚ ሊነገረው ይገባል። ናሙናው ለምን እንደሚወሰድ፥ ስሙ እንደማይገለጥ፥ እንቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይቋረጥበት ሊያውቅ ይገባዋል። ሹሙም አጥኚውን «ፈቃድ አለህን?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ «ውጤቱን መቼ ተመልሰህ ትነግረናለህ?» ማለት ይገባዋል።

መምህሩ ደግሞ ስለ ዘር ሲያስተምር ቃሉን በጥንቃቄ ይያዝ። ከተማሪዎቹ መካከል አባቱ እግሩ ያበጠ ልጅ ሊኖር ይችላል። «ይወረሳል» ብሎ ዝም ያለ መምህር ያን ልጅ ከጓደኞቹ ይለየዋል፤ «የሚወረሰው ጠባዩ ነው፥ የሚያሳምመው ዐፈሩ ነው፥ የሚከላከለው ጫማና ንጽሕና ነው» ብሎ የጨረሰ ግን ልጁን ከበሽታ፥ ጓደኞቹንም ከግፍ ያድናቸዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን በሽተኛው እንዳይደብቅ፥ የገለጠውን ሰው የማይጐዳ ጎረቤት አስቀድሞ ሊኖረው ያስፈልጋል።