ኪሳራና ጉዳት፦ መላመድ ከሚችለው በላይ ሲመጣ

በአየር ንብረት ድርድሮች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየ አንድ ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ ዜናዎች «ኪሳራና ጉዳት» እየተባለ መጠራት ጀምሯል። የሚያመለክተው የበካይ ጋዝ ልቀትን በመቀነስ ያልተከላከልነውን፣ ከተለወጠው አየር ጋር በመላመድም ልናመልጠው ያልቻልነውን ነው። «ጉዳት» ሊጠገን የሚችለውን ይይዛል፤ ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ፣ የፈረሰውን ትምህርት ቤት። «ኪሳራ» ደግሞ የማይመለሰውን፤ የሰው ሕይወትን፣ ባሕር የዋጠውን መሬት፣ የጠፋውን የአኗኗር ሥርዓት። ኪሳራ ሲባል የነጋዴ መዝገብ ትዝ ማለቱ አይቀርም፤ የተሻለ ቃል እስኪገኝ ግን ይህን መያዝ ይሻላል። «ጥፋት» ብንል ጥፋተኛ ማን ነው የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ተደራዳሪዎቹ ደግሞ አጥብቀው የሸሹት ያንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቦረናን ማየት ይበቃል። የቦረና አርብቶ አደር ድርቅን መቋቋም ከማንም የተማረው አይደለም። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የጎሳ ናቸው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ በእጅ ያወጡታል፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው በቡሳ ጎኖፋ ከጎሳው ከብት ተዋጥቶለት እንደገና ይቋቋማል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በአርባ ዓመት ያልታየ ድርቅ ተባለ። በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ፤ ወተት ሲያካፍል የኖረ ቤተሰብ ዱብሉቅ መጠለያ ገብቶ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። ቡሳ ጎኖፋ የሚሠራው ሰጪ ሲኖር ነው። የሰጪውም የተቀባዩም በረት በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን፣ ሕዝቡ መላመድ አልቻለም ብሎ መውቀስ ትርጉም የለውም፤ የሚላመድበት ሀብት ራሱ አልቋል።

ድርቅ ለቦረና ምን አዲስ ነገር አለው የሚል ይኖራል። ድርቁስ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ክብደቱ ነው። ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ይህን የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገልጿል። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ የጣለውንም ውኃ ሙቀቱ ከአፈሩና ከሣሩ መጥጦታል። ሌላው ተከራካሪ ችግሩን ወደ አስተዳደር ድክመት ይመልሰዋል፦ መንገድ፣ ገበያ፣ የእንስሳት ሕክምና ቢኖር ኖሮ ይላል። እውነት አለው። ሞቱ ይቀንስ ነበር፤ የተረፈው ጉዳት ግን አሁንም ድርሻው ከዓለም ልቀት 4 በመቶ በማይሞላው አህጉር ጫንቃ ላይ ይቀር ነበር።

ጠንከር ያለው ክርክር የመድን ነው። ቦረና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እየለካ ካሳ የሚከፍል የእንስሳት መድን አለ፤ ጠቃሚም ነው። ሆኖም አደጋው በበረታ ቁጥር ዓረቦኑ ይወደዳል፣ ክፍያውም የሚጠየቀው ከተጎጂው ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ የኪሳራና ጉዳት ክርክር ራሱ በመድን ሐሳብ መጀመሩ ነው። ቫኑዋቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ትንንሽ ደሴቶችን ወክላ፣ የባሕር ወለል ከፍታ ለሚያደርሰው ጉዳት በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች የሚከፍሉበት የመድን ቋት እንዲቋቋም ጠይቃ ነበር። ያኔ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋርሶ ላይ ተቋማዊ አሠራር አገኘ፣ በ2015 በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 8 ገባ፤ ግን አብሮት የጸደቀው ውሳኔ አንቀጹ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ አሰፈረ። ሀብታሞቹ አገሮች ቃሉን ተቀበሉ፣ ዕዳውን አልተቀበሉም።

የኪሳራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወስኖ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር አገሮቹ ተስማሙ። በዱባይ ጉባኤ ቃል የተገባው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የአሜሪካ ድርሻ 17.5 ሚሊዮን ነበር። በ2025 ለመጀመሪያው ምዕራፍ የተመደበው ደግሞ ለታዳጊ አገሮች በሙሉ 250 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ማስረጃ የያዘ ይቀድማል። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ የግብርናና የአደጋ ሥጋት ባለሙያዎች፣ ስንት ኩንታል እህል እንደታደለ ብቻ አትመዝግቡ፤ ስንት ከብት እንደሞተ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የትኛው ቤተሰብ ወደ አርብቶ አደርነቱ እንዳልተመለሰም ጻፉ።